ድንች ምግቡን ከየት ያገኛል?

ዕፅዋት በዕለተ ሠሉስ፣ ማለትም ማክሰኞ፣ እንደተፈጠሩ ተምራችኋል። ዛሬ ደግሞ እንዴት እንደሚመገቡ እንይ። ምሳሌያችን በአዊ ደጋ በብዛት የሚመረተው ድንች ነው።

የድንች ሥር ከአፈር ውኃና ማዕድን ይስባል። ቅጠሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያስገባል። በቅጠሉ ያለው አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ የፀሐይን ብርሃን ይቀበላል፤ በዚያም ኃይል ከውኃውና ከአየሩ ስኳር ይሠራል። ይህ ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል። የምንተነፍሰው ኦክስጅንም በዚህ ጊዜ ይወጣል።

«ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ ማክሰኞ ለዕፅዋት ምን በራላቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው! ብርሃን አስቀድሞ በዕለተ እሑድ ተፈጥሮ ነበር።

ስኳሩ ወደ ታች ወርዶ በአፈር ውስጥ ስታርች ሆኖ ይከማቻል፤ በጾም ወጥ የምንበላው ይኸው ነው። ድንች ሥር ይመስላል እንጂ ያበጠ ግንድ ነው፤ «ዓይኖቹ» ቡቃያ ያወጣሉ። በጨለማ ቤት የበቀለ ድንች አይታችኋል? ቡቃያው ነጭ ነው። ብርሃን ስለሌለው ምግብ መሥራት አይችልም፤ የተከማቸውን ስንቅ ይበላል፤ ድንቹም ይጨማደዳል።

ብርሃን ያገኘ ድንች ግን ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል። ቀለሙ ክሎሮፊል ስለሆነ አይጎዳም፤ ነገር ግን አብሮት ሶላኒን የተባለ መራራ መርዝ ይበዛል። መቀቀል አያጠፋውም። እንዲህ ያለው ድንች ለዘር ይቀመጣል እንጂ አይበላም፤ ለታናናሾቻችሁም ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ አንድ የባቄላ ቡቃያ በቅርጫት ተሸፍኖ ቢሰነብት ቅጠሉ ምን ዓይነት መልክ ይኖረዋል? ለምን?