ከመሬት በታች የምትታለብ ላም

አያቴ ኩበትን በድምፅ ትለይ ነበር። ሁለቱን አጋጭታ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ «ደርቋል» ካለች ደርቋል። ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ዛፉ ከሳሳ ወዲህ ምድጃው የሚተማመነው በከብቱ እበት ነው። ውርጩ ሳይለቅ እበት መልቀም ደግሞ የልጅ ሥራ ነው፣ ያውም በባዶ እጅ። ጣቴ ሲደነዝዝ ትኩስ ትኩሱን እየመረጥሁ እጄን አሞቅበት ነበር። ከተማ ከገባሁ በኋላ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዛሬ ግን በኩራት አወራዋለሁ። ያ ያፈርሁበት ነገር ምን ያህል ሀብት እንደነበር ዘግይቶም ቢሆን ገብቶኛልና።

እስቲ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ኩበት ሲነድ ውስጡ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ከጭሱ ጋር በጣሪያው ሾልኮ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው ገበሬ ተሰልፎ፣ አንዳንዴም ተበድሮ፣ ዩሪያ ይገዛል። ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። በጋውን ሙሉ ያነደድነውን ክረምት ላይ በብር እንገዛዋለን ማለት ነው! አያቴን አልወቅስም፤ እራት መብሰል ነበረበት። ያላት ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፦ እበቱን ለማሳው መስጠት ወይም ለምድጃው።

ወዳጄ፣ አንተ ሁለቱንም ማግኘት ትችላለህ። ገበሬም ሁን፣ ከተማ ተቀምጠህ ለእናትህ ብር የምትልክም ሁን፣ ይህን ጽሑፍ ከጨረስህ በኋላ በረቱን በሌላ ዓይን እንድታየው እፈልጋለሁ።

ላሟ ሆድ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ከእበቱ ጋር አብረው ይወጣሉ። እበቱን በእኩል ውኃ በጥብጠህ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ብትጨምርላቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ጋዝም ያወጣሉ። ከዚያ ጋዝ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሚቴን ነው፤ የሚነደውም እሱ ነው። ባዮጋዝ ማብላያ የሚባለው ይኸው ነው። እኔ ግን ላም ብዬ እጠራታለሁ፤ ከመሬት በታች የተቀበረች፣ የማትራገጥ፣ ግጦሽ የማትፈልግ ላም። በአንድ በኩል ታበላታለህ። ጉልላቷ ሥር የተጠራቀመው ጋዝ በቧንቧ ወደ ማእድ ቤት ይሄዳል፤ ተብላልቶ የተረፈው ፈሳሽ ደግሞ በጋዙ ግፊት በሌላኛው በኩል ይወጣል። እሱ ማዳበሪያህ ነው።

አገራችን ውስጥ የመጀመሪያዋ የተሠራችው በ1950 ዓ.ም. ገደማ አምቦ ላይ ነው። ወደ ገበሬው ደጅ በብዛት መድረስ የጀመረችው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ነው። የተመረጠው ንድፍ የኔፓል ሲሆን ስሙ ላይ 2047 የሚል ቁጥር አለበት። የወደፊት ዘመን እንዳይመስልህ፤ ኔፓሎችም እንደኛው የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው፤ የእነሱ 2047 ለእኛ 1983 ገደማ ነው። እዚህ ሲላመድ ንድፉ «ስንዱ» ተባለ። ስሙን ያወጣውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ። ስንዱ ሴት ቤት እንግዳ ድንገት ቢገባ አታፍርም፤ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ይጠብቃል።

አጎቴ ስንዱዋን ሲያስቆፍር ጎረቤቱ ስቋል። «እበት የሚቀብር ሰው» የሚል ስምም ወጥቶለት ነበር። ሳቁ የባሰው የመጀመሪያው ቀለብ ሲጫን ነው፤ አንዲት ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ ሥራ ለመጀመር ሁለት ሺህ ኪሎ ገደማ እበት ትፈልጋለች። ደቦ ጠራ። የሳቁትም ጠላው ስለነበር መጡ። በሦስተኛው ሳምንት ቧንቧውን ከፍቶ ክብሪት ሲጭር እሳቱ እፍ እንደተባለ ሻማ ጠፋ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነውና። የመጀመሪያው ጋዝ አይነድም። አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበዛበት ወደ ውጭ ተለቆ ሌላው ይጠበቃል። ደጋ ላይ ደግሞ ብርዱ ተሕዋስያኑን ስለሚያሰንፋቸው ነገሩ ይዘገያል። ይህን ግንበኛው ቀድሞ ነግሮት ስለነበር አጎቴ ጋዙን ለቀቀው፤ በማግስቱም እንደ ወትሮው እበቱን በጠበጠ። በስድስተኛው ሳምንት ሰማያዊ እሳት ተለኮሰ። አክስቴ ጀበናዋን ጥዳ ትንሽ ካየችው በኋላ የተናገረችው እስከ ዛሬ ያስቀኛል፦ «ጭሱስ?»

ጭሱስ! አርባ ዓመት ዓይኗን ሲያስለቅሳት የኖረው ነገር መጥፋቱ አደናግሯት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገምታል። ያ ቁጥር ከአክስቴ ጥያቄ ጎን ሲቀመጥ ይከብዳል።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ ሁሉን አልጋ በአልጋ አድርገው የሚያነቃቁ ሰዎች ያደክሙኛል። በቀን 30 ኪሎ እበትና 30 ሊትር ውኃ ከሰጠሃት አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ትሰጥሃለች፤ አንድ ምድጃ ሦስት ሰዓት ያህል ያነዳል። ቡናው፣ ወጡ፣ የልጁ ገንፎ ይደርሳሉ። እንጀራ ግን አይሆንም፤ ምጣዱ ሰፊ ነው፣ ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል። ለእንጀራ እንጨቱ ይቀጥላል። ይህን ደብቆ የሚያስተክልህ ሰው ከገጠመህ ጠርጥረው።

ከዚያም የሚብሰው አለ። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዕቅድ 14,000 ማብላያ መሥራት ነበር፤ የተሠራው ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ከተሠሩትም ውስጥ ዛሬ የማይሠሩ አሉ። ከአጎቴ ቤት ማዶ ያለችው ጉልላት ላይ ዶሮዎች ያድራሉ። ባለቤቷ ሰነፍ አልነበረም። ውኃው ሩቅ ነበር፤ አንድ ቀን ተዘለለ፣ ከዚያ ሳምንት፣ ከዚያ በጋው ሁሉ። ላም ሳትበላ ትታለባለች የሚል ገበሬ የለም፤ የተቀበረችው ግን ስለማትጮህ ትረሳለች። ስለዚህ ከመቆፈርህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ በረትህ ውስጥ የሚያድሩ አራት ከብቶች አሉህ? ውኃ ቀድቶ መመለሻው ከግማሽ ሰዓት ይበልጣል? ጠዋት ጠዋት የሚበጠብጠውስ ማን ነው? መልሱ «ልጆቹ» ከሆነ ትምህርት ቤት ሲከፈት ምን እንደሚሆን አስብ።

አጎቴ ይህን ሥራ ከከብት ማሰማራት በፊት ያደርገዋል። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅበት ነው። ማስታወሻ የለውም፣ ስልኩም አያስታውሰውም፤ ከላሟ ጡት በኋላ ባልዲው ይቀጥላል። አዲስ ልማድ መጀመር የከበደህ ከሆነ ከእሱ ስረቅ፤ አዲሱን ሥራ ከማትተወው አሮጌ ሥራ ጭራ ላይ እሰረው።

እኔን ከጋዙ ይልቅ የሚያስደስተኝ የኋላው በር ነው። ከዚያ የሚወጣው ፈሳሽ፣ ባዮስለሪ የሚሉት፣ እንደ ጥሬ እበት አይሸትም፣ ዝንብ አይከበውም፣ ውስጡ ያለው የአረም ዘርም የመብቀል ኃይሉ ይቀንሳል። ናይትሮጅኑ ደግሞ አለ፤ ያ በጣሪያ የሚሄደው የአያቴ ናይትሮጅን። አጎቴ ከፊሉን እንደወጣ ለጎመንና ለድንቹ ያጠጣዋል፤ የቀረውን ከገለባና ከበረት ጥራጊ ጋር እየደራረበ ብስባሽ ይሠራበታል፣ ፀሐይ እንዳይጠጣበት ዳስ ጥሎለት። ዩሪያ መግዛት አልተወም። የሚገዛው ግን ቀንሷል፤ ስለዚህ ነገር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሌባ እንዳይሰማው ይመስል።

ነገ ጠዋት ባልዲና ሚዛን ይዘህ ወደ በረት ግባ፤ ሚዛን ከሌለህ ከወፍጮ ቤት ተዋስ። ከተማ ከሆንህ ለእናትህ ደውልላት። የአንድ ሌሊቱን እበት መዝንና ቁጥሩን በከሰል በሩ ላይ ጻፈው። ሰባት ቀን አድርገው። ሠላሳን ደጋግመህ ካገኘህ ወደ ወረዳው የኢነርጂ ባለሙያ ሂድ፤ ስለ ግንበኛው፣ ስለ ሲሚንቶውና፣ ካለም ስለ ድጎማው ጠይቅ። ጎረቤትህ መሳቁ አይቀርም። ጠላ ጥመቅለት።