ከጾም ወደ ፍስክ፦ በአዋሽ አርባ ሙቀት የበዓል አበላል

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለው። ኢድ አል ፈጥር መጋቢት 21፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ሆነው በሚኖሩባቸው በአዋሽ አርባ፣ በአዋሽ ሰባትና በሰመራ በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ታላላቅ በዓላት መጡ ማለት ነው። በየበዓሉ ማግስት የሚሰማው ያው ነው፤ ቃር፣ የሆድ መነፋት፣ «ምነው ባልበላሁት» የሚል ጸጸት። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ጸጸቱ ነው። በዓል ሊበሉበትና ሊደሰቱበት የመጣ ቀን ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ሆድን በእርጋታ ወደ ፍስክ የሚያስገቡበት ሥርዓት አላቸው፤ በችኮላ የምንዘለው እሱን ነው።

አንደኛ፦ ሆድን አለስልሱ። 55 ቀን በሽሮና በምስር የቆየ ሆድ፣ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ቅቤ የጠጣ ዶሮ ወጥ ሲወርድበት ይደነግጣል። እናቶቻችን አስቀድመው ተልባ የሚያጠጡን ለዚህ ነው። ተልባውን ቆልታችሁ ውቀጡ፣ በውኃ በጥብጡ፣ አንድ ብርጭቆ ጠጡና ትንሽ ቆዩ። ሌሊቱን ጥቂት ቀምሳችሁ ተኙ፤ ዋናው ገበታ ቀን ይደርሳል። ረመዳንን የሚጾመውም በተምርና በውኃ አፍጥሮ፣ መግሪብ ሰግዶ ነው ወደ ምግብ የሚቀርበው። ያቺ የሶላት ጊዜ ትልቅ ጥቅም አላት፤ ሆድ የደረሰውን ለማወቅ ደቂቃዎች ይፈልጋልና። ሳምቡሳውን ከተምሩ ጋር አትደርቡት፤ ከሶላት በኋላ ሾርባው ይቅደም።

ሁለተኛ፦ ተርባችሁ ግብዣ አትሂዱ። በኢድ አል ፈጥር ጠዋት ለሶላት ከመውጣት በፊት ተምር መቅመስ ሱና ነው። ለምሳ ተጠርቻለሁ ብሎ ቁርስ የተወ ሰው ግን ገበታው ላይ ሲደርስ ማቆሚያ ያጣል። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅምም ልብ ይበል፤ ጫት ረሃብን ይደብቃል፣ አያጠፋም። ከመቃም በፊት መብላት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ድርሻን አክብሩ። ዶሮ በ12 ብልት ሲወጣ፣ 12 እንቁላል ሲገባበት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻው ይታወቃል። ለአረፋ የሚታረደውም በልማድ በሦስት ይከፈላል፤ ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ለችግረኛ። አከፋፈሉን የጠበቀ ቤት «ሥጋው ሳይበላሽ እንጨርሰው» ብሎ አይጣደፍም።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል፦ እንቢ ማለት። በአንድ ቀን ሦስት አራት ቤት ትጠራላችሁ፤ ሁሉም ቤት «በሞቴ» አለ። በመጀመሪያው ቤት ጥቂት ብሉ። ጉርሻውን በደስታ ተቀበሉ፤ ከዚያ «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ጠግቤያለሁ፤ ቡናዎን ሳልጠጣ ግን አልሄድም» በሉ። ቡና መጠየቅ ፍቅሩን መቀበል ስለሆነ የሚቀየም የለም። ጋባዦችም አንዴ ሁለቴ ከለመናችሁ ይበቃል፤ እንግዳው ስኳር ወይም ጨጓራ ይዞት ሊሆን ይችላል፣ በሰው ፊት መናገር አይወድም። «ወፈርሽ»፣ «ከሳህ» የሚል ቃል ገበታ ላይ ፈጽሞ አይውጣ። እንዲህ የተባለች ልጅ ሰው ፊት መብላት ታፍራለች፣ ለብቻዋ ስትሆን ደግሞ አለልክ ትበላለች። ሕፃንንም «ካልጨረስክ አትነሳም» አትበሉት።

የሥጋው ነገርም አስቀድሞ ይታሰብበት። በሌላ ሃይማኖት ተከታይ የታረደውን አለመብላት የቆየ ልማድ ነው። ክርስቲያን ጋባዥ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ የታረደ ፍየል በተለየ ድስት ቢያሠራ እንግዳው ሳይሳቀቅ ይበላል። ካልተመቸ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሐብሐብና ቡና ለሁሉም ይሆናል።

አምስተኛ፦ ሙቀቱን አትርሱ። የበሰለ ምግብ ከ32 ዲግሪ በላይ ሙቀት ባለበት ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ በእኛ ቆላ ሚያዝያ ሲገባ ይህ ሙቀት የየቀኑ ነው። ስለዚህ ወጡን ሁሉ አንዴ አታውጡት፤ ለሚበላው ያህል ብቻ እየጨለፋችሁ አቅርቡ፣ የተረፈውን እስኪፈላ አሙቁ። መብራት ጠፍቶ ያደረ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሥጋ አይታመንም። የግመል ወተት ዕቃ ሲታጠን ወተቱ ይጣፍጣል፤ ጭሱ ግን ማፍላትን አይተካም። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፣ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ኮሶ። ለጥም ውኃ ይቅረብ። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል፤ በየቤቱ አንድ አንድ ከጠጣችሁ ብዛቱን እናንተው አስሉት።

መድኃኒት የምትወስዱ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም አማክሩ። እስልምና ሕመምተኛን ከጾም ያሳርፋል፤ ክርስቲያኑም ለንስሐ አባቱ ይንገር።

በማግስቱ የበላችሁትን ለማካካስ ብላችሁ አትራቡ። ቁርስ በሰዓቱ ይሁን፣ ምሳ ላይ ጎመን ወይም ምስር ይጨመር፣ ፀሐይ ስትበርድ በእግር ውጡ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ሁሉን በአንድ ቀን ለመብላት የሚያስቸኩል ነገር የለም። ከረመዳን ቀጥሎ የሚመጣውን የሸዋል ወር ስድስት ቀን የምትጾሙም በወሩ ውስጥ እየከፋፈላችሁ መጾም ስለምትችሉ፣ ሆዳችሁ እስኪረጋጋ ጥቂት ቀን ጠብቁና ጀምሩ።