ለብዙ ተጠቃሚ ሰርቨር ፔጅ ፋይል ስንት ይሁን?

ጥያቄ፦ ጀውሃ በሚገኝ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር 12 ሠራተኞች በአንድ የዊንዶውስ ሰርቨር እንጠቀማለን። ራሙ 16 ጊጋባይት ነው። ፔጅ ፋይሉን፣ ማለትም ራሙን የሚያግዘውን የዲስክ ላይ ፋይል፣ የራሙን አንድ ተኩል እጥፍ ላድርገው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያ ስሌት ራም ጥቂት ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። ትክክለኛውን ልክ የሚነግርዎት ሥራው ራሱ ነው። የማሾ ግዢ በሚጦፍበት ቀን፣ ሁሉም ሠራተኛ ገብቶ ሳለ፣ ታስክ ማናጀር ከፍተው በሜሞሪ ገጽ «ኮሚትድ» የሚለውን ያንብቡ። 22/24 ቢል፣ የተጠየቀው 22፣ ጣሪያው 24 ጊጋባይት ነው። ጣሪያው የራምና የፔጅ ፋይል ድምር ነው። ከ22 ላይ 16 ሲቀነስ ቢያንስ 6 ያስፈልጋል፤ መጠባበቂያ ጨምረው 12 ያድርጉት። ሰርቨሩ ሁልጊዜ ከተንቀራፈፈ ራም ይጨምሩ። ፔጅ ፋይሉን ግን ፈጽሞ አያጥፉት፤ ጣሪያው ሲሞላ ፕሮግራም ሊዘጋ፣ ሴቭ ያልተደረገ የገበሬ ሒሳብም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።