ለኢትዮጵያ ሐይቆች የሚስማሙ የጀልባ ዓሣ ማስገሪያ ዕቃዎች

ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ትምህርት

የጨርቅ ነጋዴ የክሩን ቁጥር፣ የብረታ ብረት ነጋዴ የሚስማሩን ርዝመትና ውፍረት ሳያውቅ ዕቃ አያዝም። የዓሣ ማስገሪያ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ በዋጋው መርከስና በመልኩ ማማር ብቻ ታዝዞ ይገባል። ከዚህም የተነሣ መረቡ ለሐይቁ ጥልቀት፣ መንጠቆው ለዓሣው አፍ፣ ሞተሩ ለጀልባው ሳይስማማ ይቀርና ዕቃው በመጋዘን ይከማቻል፤ ወይም ተሸጦ ገዢውን ይጎዳል። ጉዳቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። የማይገባ መረብ የሐይቁን ዓሣ ከጨረሰ በኋላ መረብ የሚገዛ ሰው አይኖርምና፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ ያመጣ ነጋዴ የራሱን ገበያ በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብና ቁጥሩን ከሐይቁ ጠባይ ጋር ማመሳከር የዚህ ንግድ የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

የሐይቆቹ ጠባይ

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት የአገሩ ዓሣ በአብዛኛው የሚሰገረው ከሐይቆች፣ ከወንዞችና ከግድብ ውሃዎች ነው። ከሐይቆቹ ሁሉ ትልቁ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። ዝዋይ ከጣናም ይልቅ ጥልቀቱ አነስተኛ ሲሆን፣ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ 20 ሜትር ያህል፣ ላንጋኖ ደግሞ እስከ 45 ሜትርና ከዚያም በላይ ይጠልቃል። የዓባያና የላንጋኖ ውሃ በአፈር የደፈረሰ በመሆኑ ዐይን ወደ ውስጥ ብዙ አያይም።

ዓሦቹም እንደ ሐይቆቹ ይለያያሉ። ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ የሚባለውና አምባዛ በብዙዎቹ ሐይቆች ይገኛሉ። በጣና ባርበስ የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች ይኖራሉ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ከጣና በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ አይገኙም። በጫሞና በዓባያ ደግሞ ናይል ፐርች አለ፤ ይህ ዓሣ ካደገ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። እንግዲህ ለቆሮሶ የተሠራ ዕቃ ለናይል ፐርች እንደማይሆን፣ ለላንጋኖ የሚያገለግለውም ለዝዋይ እንደማይስማማ ከዚህ ይታወቃል።

ስለ መረብ

በመረብ ግዢ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በዐይኑ አለካክ ነው። የመረብ ዐይን በሁለት መንገድ ይለካል። አንደኛው ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ቀጥሎ ያለው ቋጠሮ ድረስ ያለው የአንድ ጎን ልክ ነው፤ ሁለተኛው ዐይኑ ተወጥሮ ሲዘጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ልክ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ተወጥሮ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን መረብ ፈልጎ በደብዳቤው ላይ «10 ሳንቲ ሜትር» ብሎ ቢጽፍና ሻጩ በአንድ ጎን ልክ ቢረዳው፣ ዐይኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መረብ ይላክለታል፤ ቆሮሶውም በመካከሉ ያልፋል። በተቃራኒው ደግሞ በአንድ ጎን ልክ 5 ሳንቲ ሜትር የፈለገ ሰው ተወጥሮ 5 የሚሆነው ቢመጣለት፣ ያልደረሱትን ትንንሽ ዓሦች የሚለቅም መረብ በእጁ ይቀራል። በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ ልኩ የየትኛው እንደ ሆነ መግለጽ እነዚህን ሁለት ኪሳራዎች ያስቀራል።

ሁለተኛው ቁጥር የክሩ ውፍረት ነው። በመረብ ላይ «210 ዲ በ6» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ 9,000 ሜትር ርዝመቱ 210 ግራም የሚመዝን የናይለን ክር ስድስት ጊዜ ተደርቦ ተገምዷል ማለት ነው። የኋላኛው ቁጥር በጨመረ መጠን መረቡ ይወፍራል፤ ይበረታልም። ቀጭኑ ክር ለዓሣው ብዙም ስለማይታየው የተሻለ ይይዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ይበጠሳል። ወፍራሙ ደግሞ ይቆያል፤ ግን ጥቂት ይይዛል። ስለዚህ ለቆሮሶና ለናይል ፐርች አንድ ዐይነት ክር ማዘዝ አይገባም።

ሦስተኛው የመረቡ ርዝመትና ቁመት ነው። መረብ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚጻፍበት ርዝመት የተወጠረው ርዝመት ነው። በገመድ ላይ ሲሰፋ ዐይኖቹ ይከፈቱ ዘንድ እንዲላላ ይደረጋል። በግማሽ ከተላላ 100 ሜትር የተባለው መረብ በውሃ ውስጥ የሚሸፍነው 50 ሜትር ብቻ ነው፤ ቁመቱም ከተወጠረው ልክ ከመቶ 87 እጅ ያህል ይሆናል። ይህን በምሳሌ ለማስረዳት፣ ተወጥሮ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዐይን 25 ጊዜ ወደ ታች ቢደረደር የተወጠረው ቁመት ሁለት ሜትር ተኩል፣ በውሃ ውስጥ ግን 2 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ለዝዋይ ይበቃል። 50 ዐይን ቁመት ያለው ግን ከ4 ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ ግማሹ በጭቃው ላይ ተከምሮ ቆሻሻ ይሰበስባል፤ ገዢውም የከፈለበት ግማሽ ዕቃ ያለ ጥቅም ይቀርበታል።

ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ ሳይገመድ ከአንድ ወጥ ቀጭን ክር የሚሠራው መረብ በዋጋው ስለሚረክስ ብዙ ፈላጊ አለው። ነገር ግን ቶሎ እየተበጠሰ በውሃ ውስጥ ይቀራል፤ ናይለን ስለማይበሰብስም ባለቤት የሌለው መረብ ዓሣ እየያዘ መግደሉን ይቀጥላል። ያ ዓሣ ለማንም ገበያ አይደርስም።

ስለ መንጠቆና ስለ ክር

የመንጠቆ ቁጥር አካሄድ ላላወቀው ሰው አሳሳች ነው። ከትንሹ ሲጀመር ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው ይተልቃል፤ ይኸውም ቁጥር 6 ከቁጥር 12 ይበልጣል። ቁጥር 1 ላይ ሲደረስ ግን አካሄዱ ይገለበጥና 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆውም ይተልቃል። ስለዚህ «ስምንት ቁጥር» ብሎ ለመጣ ደንበኛ፣ ለትንሽ ዓሣ የሚሆነውን 8 ወይስ ለናይል ፐርች የሚበቃውን 8/0 እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ ዕቃ አይሰጠውም።

በክር ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል፤ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር፣ የመበጠሻው ኀይል በኪሎ ግራም ወይም በፓውንድ። አንድ ፓውንድ ከ454 ግራም ትንሽ ያነሰ ስለ ሆነ፣ 30 ፓውንድ የተባለው ክር 13 ኪሎ ተኩል ያህል እንጂ 30 ኪሎ አይችልም። ቋጠሮም የክርን ኀይል ይቀንሳል። የተጎነጎነው ክር በተመሳሳይ ውፍረት ከተራው ናይለን ይበልጥ ይበረታል፤ ነገር ግን ስለማይለጠጥ ዓሣው በድንገት ሲስብ መንጠቆውን ከአፉ ሊነቅለው ይችላል። የናይል ፐርች የጉንጩ አጥንት ሹል ስለ ሆነ ከመንጠቆው አጠገብ ያለው ክር ወፈር ያለ መሆን አለበት።

ስለ ሞተር

ሞተር የሚቃጠለውን አየር ከአካባቢው ስለሚስብ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ጉልበቱ ይቀንሳል። በተለመደው ግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 3 እጅ ያህል ያጣል። በጣና ከፍታ ሲሰላ ጉድለቱ ከመቶ 18 እጅ ያህል ይሆናል፤ 15 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር በዚያ ከ12 ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ለወደብ ከተማ የተዘጋጀውን የፕሮፔለር ልክ እንዳለ ማዘዝ ሞተሩን ያስጨንቀዋል፤ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ያነሰ ፕሮፔለር መጠየቅ ይሻላል። የሞተሩ እግር ርዝመትም ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ከፍታ ጋር መስማማት አለበት፤ አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አጭር እግር በረጅም ግድግዳ ላይ ቢታሰር ፕሮፔለሩ አየር ይመታል፤ ነዳጅም በከንቱ ይቃጠላል።

ስለ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች

«ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ» እንደ ተባለው፣ የዓሣ መፈለጊያው መሣሪያም ውሃውን በድምፅ ያናግረዋል። ከጀልባው ሥር የተገጠመው ድምፅ ሰጪና ተቀባይ ክፍል ሰው የማይሰማውን አጭር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ከሐይቁ ወለል ወይም ከዓሣ ላይ ነጥሮ ሲመለስ መሣሪያው ጊዜውን ቆጥሮ ጥልቀቱን በመስኮቱ ላይ ይጽፋል። ድምፅ በጨው አልባ ውሃ በአንድ ሴኮንድ 1,480 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 14 ሜትር ደርሶ ለመመለስ ከአንድ ሴኮንድ ሃምሳኛ ክፍል ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ብርሃን በማያልፍበት ድፍርስ ውሃ ድምፅ ያልፋልና፣ መሣሪያው ለዓባያና ለላንጋኖ ጠቃሚ ነው።

ነገር ግን መሣሪያው ሐይቁን ሁሉ አያይም። ድምፁ ወደ ታች እየሰፋ እንደሚሄድ ቆብ ነው። የማዕዘኑ ስፋት 20 ዲግሪ ከሆነ በ10 ሜትር ጥልቀት የሚያየው ክብ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል፣ በሁለት ሜትር ተኩል ጥልቀት ግን ከአንድ ሜትር በታች ነው። እንግዲህ ለዝዋይ አስጋሪ ይህን ውድ መሣሪያ መሸጥ ገንዘቡን ከማባከን አይለይም። ከዚህም ሌላ ድምፁ ይበልጥ የሚነጥረው በዓሣው ሆድ ውስጥ ካለው የአየር ከረጢት ነው። ቆሮሶና ናይል ፐርች ይህ ከረጢት በሚገባ ስላላቸው ጎልተው ይታያሉ፤ የአምባዛ ከረጢት ግን እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ምልክቱ ደካማ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረ ሻጭ «መሣሪያህ አይሠራም» ከሚል ክርክር ይድናል።

በዕቃው ላይ የሚጻፈው 50 ወይም 200 ኪሎ ኸርትዝ የድምፁ ቅጥነት ነው። 200 የተባለው ጠባብና ጥርት ያለ በመሆኑ እንደ ኢትዮጵያ ሐይቆች ላለ ጥልቀት ይስማማል፤ 50 የተባለው ለጥልቅ ባሕር ይሻላል። መሣሪያውን ከጀልባው ወለል ውስጥ ሳይበሱ መለጠፍ የሚቻለው በወጥ ፋይበር ግላስ ላይ ነው፤ በእንጨት ጀልባ ላይ ግን የግድ ከውጭ ውሃ መንካት አለበት።

ባትሪውም በስሌት ይመረጣል። በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር የሚወስድ መሣሪያ ለ10 ሰዓት ቢሠራ 5 አምፔር ሰዓት ይፈጃል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ቢራገፍ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ከ10 አምፔር ሰዓት ያላነሰ ባትሪ አብሮ መሸጥ ተገቢ ነው።

ጂፒኤስ የሚባለው የአቅጣጫ መሣሪያ መረብ የተጣለበትን ስፍራ መልሶ ለማግኘት ይረዳል። አጻጻፉ ግን ጥንቃቄ ይሻል። 11 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ እና 11 ነጥብ 50 ዲግሪ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው 11 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ነውና። በሁለቱ መካከል 37 ኪሎ ሜትር ያህል ልዩነት አለ፤ በጣና ላይ እንዲህ የተሳሳተ ሰው መሣሪያው ከባሕር ዳር ከተማ በስተ ደቡብ ወደ የብስ ይመራዋል።

ከእነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች በፊት ግን የመንሳፈፊያ ሰደርያ መሸጥ አለበት። በላዩ የተጻፈው 100 ኒውተን ወደ ላይ 10 ኪሎ ያህል ያነሣል ማለት ነው፤ 50 የተባለው ዋና ለሚችልና ረዳት በቅርብ ላለው ሰው ብቻ የተዘጋጀ ነው።

የጣና ትምህርት

በጣና ከጥንት ጀምሮ የሚሰገረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር፤ ታንኳውም እስከ ዛሬ ያገለግላል። በ1986 እ.ኤ.አ. ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በሐይቁ ላይ በሰፊው መግባት ጀመረ፤ ዓሣውም በብዛት ወደ ገበያ ወጣ። ነገር ግን ባርበሶቹ በክረምት ሊራቡ ወደ ወንዞች ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ተዘረጋባቸው። በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ባርበሶች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን የሐይቁ ተመራማሪዎች ገልጸዋል። ጥፋቱ የሞተሩ ወይም የናይለኑ ሳይሆን፣ ዕቃው ያለ ቦታውና ያለ ጊዜው መዋሉ ነው።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በወጣ ጊዜ የዓሣ ማስገር ሥራ በሕግ እንዲመራ ተደርጓል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። አስመጪ የመረብ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት የተፈቀደውን የዐይን ልክ ከክልሉ የግብርና ወይም የዓሣ ሀብት ቢሮ ጠይቆ በጽሑፍ ቢይዝ ይጠቀማል። የዓሣ ፍላጎት በዐቢይ ጾም ከፍ ስለሚል፣ ዕቃው በጅቡቲ በኩል የሚገባበትን ጊዜ አስልቶ ትእዛዙን ቀደም ብሎ ማስተላለፍም የንግድ ብልሃት ነው።

በጠቅላላው ባለ ሱቁ ለደንበኛው ዕቃ ከማውጣቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፤ የትኛው ሐይቅ ነው? ምን ዐይነት ዓሣ ነው? ጀልባው ከምን ተሠርቷል፣ የኋላ ግድግዳውስ ስንት ይረዝማል? ማስገሩ በየትኛው ወር ነው? የአራቱ መልስ በደብተር ተጽፎ ቢቀመጥ ለሚቀጥለው ዓመት ትእዛዝ ከሁሉ የተሻለ መሪ ይሆናል። ደንበኛውም መረቡ ባረጀ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው በመጀመሪያው ቀን የሚስማማውን ዕቃ ወደ ሰጠው ሱቅ ነው።