የጥርስ መከላከያ በውሰት አይሆንም
ለቴኳንዶ ጀማሪዎች

እኔ ደዶ ውስጥ ቴኳንዶ ለሚጀምሩ ልጆች መሠረታዊ እንቅስቃሴዎችን አስተምራለሁ። ሰሞኑን ከልጆቹ መካከል አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ «ከመካከላችን ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ልጅ ቢኖርስ?» የሚል። «ሁሉም ተመርምሮ ወረቀት ያምጣ» ያሉም ነበሩ። የኔ መልስ አጭር ነው፦ የሚጠብቀን የጓደኛችን ወረቀት ሳይሆን የምናደርገው መከላከያና የምናከብረው ደንብ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ጀማሪ ምን ያስፈልገዋል?

ቴኳንዶ የኮሪያ ስፖርት ነው። ከሲድኒ ኦሊምፒክ (1993 ዓ.ም.) ጀምሮ ሜዳሊያ ይሰጥበታል፤ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክም ሰለሞን ቱፋ አገራችንን ወክሎ ተወዳድሯል። መጀመሪያ ላይ ልቅ ልብስ ይበቃል። ከጓደኛ ጋር ፊት ለፊት መጋጠም ሲጀመር ግን የሚከተሉት ያስፈልጋሉ።

1. የጥርስ መከላከያ፦ ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ ይህን ግዙ። ብዙውን ጊዜ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲነከስ የባለቤቱን ጥርስ ቅርጽ ይይዛል፤ ስለዚህ ለሌላ ሰው አይሆንም። ድድ ሲመታ ስለሚደማም በፍጹም አትዋዋሱት።

2. የብልት መከላከያ፦ ለወንድም ለሴትም አለ፤ ይህም የግል ነው።

3. የቅልጥምና የክንድ መከላከያ፦ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ ሕመሙን ይቀንሳል፤ ቆዳም እንዳይላጥ ይረዳል።

4. የደረትና የራስ መከላከያ፦ የደረቱን ሆጉ እንለዋለን። ውድ ስለሆኑ በየተራ ቢለበሱ ችግር የለውም፤ ላባቸውን ጠርጎ ማድረቅ ነው። የራስ መከላከያ አድርጌያለሁ ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ተመትቶ ራሱን ያዞረው ልጅ በዚያ ቀን አይመለስም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በአይ ቲ ኤፍ ስልት የሚሠለጥኑ ደግሞ በሆጉ ፈንታ የእጅ ጓንትና የእግር መከላከያ ያደርጋሉ።

ደም ሲታይስ?

ኤች አይ ቪ በላብ፣ በምራቅ ወይም ልብስ በመዋዋስ አይተላለፍም። በስፖርት ሜዳ የመተላለፍ ዕድሉም እጅግ አነስተኛ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የማንንም ደም በእኩል እንጠንቀቅ፦

• ግጥሚያው ወዲያው ይቁም። ደሙ ሳይቆምና ቁስሉ ሳይሸፈን አይቀጥልም።
• የሚረዳው ሰው ጓንት፣ ካጣም ንጹሕ ላስቲክ በእጁ ያጥልቅ።
• ደም የነካው ዕቃ ይጠረግ። ከዚያ 1 እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ ይቀባ፤ በንጹሕ ውሃም ይታጠብ።
• ደም ክፍት ቁስል ውስጥ ከገባ በውሃና በሳሙና፣ ዓይን ውስጥ ከገባ በውሃ ብቻ ታጥቦ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ታዲያ ወረቀቱስ?

ቫይረሱ በቅርቡ የያዘው ሰው በምርመራ ላይታወቅ ይችላል። ውጤቱም የባለቤቱ ምስጢር ነው። ደግሞስ ወረቀት አምጣ የተባለ ልጅ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ወይ ይቀራል፣ ወይ ሲደማ ይደብቃል። የተደበቀ ቁስል ደግሞ ሁላችንንም ይጎዳል። መመርመር ጥሩ ነው፤ ግን ለራስ ጤና እንጂ ለመጫወቻ ፈቃድ አይደለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጋራ ልንጠቀምባቸው የምንችላቸውና የማንችላቸው መከላከያዎች የትኞቹ ናቸው? ለምን?
2. በትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ላይ አንድ ልጅ ቢደማ ጓንትና በረኪና የት ይገኛል?