ዕድሜ፣ ቋንቋና የቃል ትውስታ፦ «ጃጁ» ከማለታችን በፊት

አንድ አዛውንት የተነገራቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ «እ?» ብለው ከጠየቁ፣ ወይም ስም ጠፍቷቸው «እንትን» ካበዙ፣ «ጃጅተዋል» ይባላል። ቃሏ ቀላል አይደለችም። አንዴ ከተባለች በኋላ ምክራቸውን የሚጠይቅ ሰው ይቀንሳል።

ለመሆኑ በዕድሜ የሚደክመው የቱ ነው? የቃላት ዕውቀት አይደለም። እሱማ እስከ ስልሳዎቹ ዕድሜ ድረስ ሊጨምር ይችላል። የሚቀንሰው አእምሮ ነገሮችን የሚያከናውንበት ፍጥነትና የሰሙትን ለአፍታ ይዞ የማቆየት ችሎታ ነው። ጆሮም አለበት። እርጅና ቀድሞ የሚያደክመው ቀጫጭን ድምፆችን መስማት ስለሆነ እነ «ስ» እና «ፍ» ይደበዝዛሉ፤ ገበያ መሃል ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ምሳሌዎች ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ስለሆኑ አንድ የራሳችንን እንይ። «ልጅዎ ከዳንግላ የገዛውን ጤፍ የፈጨው ባለወፍጮ ታሟል።» ማን ነው የታመመው? አማርኛ ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሰሚው ልጁን፣ ጤፉንና ባለወፍጮውን ተሸክሞ እስከዚያ መጠበቅ አለበት። አውንጊም ግሱን ወደ መጨረሻ ስለሚወስድ ሸክሙ ያው ነው። «ልጅዎ ከዳንግላ ጤፍ ገዝቶ ነበር። የፈጨው ባለወፍጮ ታሟል» ቢባል ግን ነገሩ ይቀላል። እኛ ታዲያ ዓረፍተ ነገሩን ከመቁረጥ ይልቅ ያንኑ እንጮኸዋለን!

ስም መርሳትም እንዲሁ ነው። በርክና ማኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ «አፌ ላይ ነው» የሚባለው ችግር በአረጋውያን ላይ እንደሚበዛ፣ በተለይም በሰው ስም ላይ እንደሚጎላ አሳይተዋል። ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠፋቸውም፤ የላላው ከትርጉሙ ወደ ድምፁ የሚወስደው መንገድ ነው። ስለዚህ «ጠዋት ማን መጣ?» ከሚባሉ «የመጣው ጎረቤት ነው ወይስ ዘመድ?» ቢባሉ ይሻላል። ሲሰሙ መለየት ከባዶ ከማስታወስ ያነሰ ይጎዳልና።

የሚያሳስበው ምርመራው ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውና በብዙ አገር የሚሠራበት ሚኒ ሜንታል የተባለው የ30 ነጥብ ፈተና ሦስት ቃላት ማስታወስን ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገር መጻፍንና ቅርጽ መሳልንም ይጠይቃል። ፊደል ያልቆጠሩ፣ በአውንጊ አፋቸውን የፈቱ እናት በአማርኛ ቢፈተኑ ነጥብ የሚጥሉት በእርጅና ነው ወይስ በትምህርትና በቋንቋ? ውጤቱ ብቻውን አይነግረንም።

ሁለት ቋንቋ ማወቁ ራሱ ሊጠቅማቸውም ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. በሕንድ ሃይደራባድ በመርሳት በሽታ ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ከአንድ ቋንቋ በላይ የሚናገሩት፣ ያልተማሩትም ጭምር፣ በሽታው የጀመራቸው 4 ዓመት ተኩል ያህል ዘግይቶ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ የማይስማሙ ተመራማሪዎችም አሉ። አውንጊና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በአዊ ግን ጥያቄው ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ይመስለኛል።

ይህ ማለት መርሳት ሁሉ ጤና ነው ማለት አይደለም። የለመዱት መንገድ ከጠፋቸው፣ ወይም በጸጥታ ቦታ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተነገራቸው አጭር ነገር ካልገባቸው ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው፤ አውንጊ የሚችል ሰው አብሮ ቢሄድ ደግሞ ይመረጣል።