መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፦ የሚለጠጠው ፕላስተር ምን ይረዳል? ምንስ አይረዳም?

የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሳቸውን ያስነቀሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ፦ «ውጭ አገር ያለ ዘመዴ ባለቀለም ፕላስተር ልኮልኛል፤ ጉንጬ ላይ ልለጥፈው?» የዛሬው ትምህርታችን ይህን ይመለከታል።

ጉንጭ ለምን ያብጣል?

የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበቅላል። ቦታ ሲጠበው አጋድሞ ወይም በድድና በአጥንት ተሸፍኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ጥርስ ለማውጣት ሐኪሙ ድዱን ሊሰነጥቅ፣ ከአጥንቱም ጥቂት ሊያነሳ ይችላል። ስለዚህ ማበጡ የሚጠበቅ ነው። እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ መጉደል አለበት። ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ፕላስተሩ ምንድን ነው?

ስፖርተኞች ጉልበታቸውና ትከሻቸው ላይ የሚለጥፉት የሚለጠጥ ፕላስተር ነው፤ ኪኒሲዮ ቴፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓናዊው ኬንዞ ካሴ ነው ያዘጋጀው። መድኃኒት የለበትም። ቆዳውን በትንሹ ሳብ አድርጎ በመያዝ ከሥሩ የተጠራቀመው ፈሳሽ እንዲሄድ ያግዛል ተብሎ ይታሰባል። በጥቂት ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ እብጠትን በመጠኑ እንደሚቀንስና አፍ ለመክፈት እንደሚያግዝ ታይቷል፤ ውጤቱ ግን በሁሉም ዘንድ እኩል አይደለም። የሌለው ሰው የቀረበት ትልቅ ነገር የለም።

ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው፦

1. በሥራው የሠለጠነ ሰው ቢለጥፍለት ይሻላል። የፕላስተሩ አንድ ጫፍ በአንገት ግርጌ ይያዛል፤ በቀጫጭኑ የተቆረጠው ሌላው ወገን ሳይወጠር ወደ አበጠው ጉንጭ ይዘረጋል።
2. ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። በቁስል፣ በሽፍታ ወይም በቀላ ቆዳ ላይ አይለጠፍም።
3. ካሳከከ ወይም ቆዳው ከቀላ ወዲያው ይነሳ። ሲነሳ በዘይት ማራስና ቀስ ብሎ መላጥ ነው።
4. ተራው የቁስል ፕላስተር አይለጠጥምና በእሱ ምትክ አይሆንም።

ከሥራዬ ያገኘሁት ትምህርት

አንድ ወጣት ጥርሱ በተነቀለ በ3ኛው ቀን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ፕላስተር አድርጌያለሁ፣ ደህና ነኝ» አለኝ፤ እኔም ሳላየው አለፍኩ። ጉንጩ ሲያብጥበት ሌላ ፕላስተር ደረበበት። በ5ኛው ቀን እናቱ ጠርታኝ ስሄድ ትኩሳት ነበረው፤ አፉ አንድ ጣት እንኳ በደንብ አያስገባም፤ ምራቁን መዋጥ አቅቶታል። ፕላስተሩን ሳነሳው ከአገጩ ሥር ያለው ቆዳ ቀልቶና ጠጥሮ አገኘሁት። በዚያው ምሽት ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ መግሉ ወጥቶለት ዳነ። ፕላስተሩ ሕመሙን አላመጣበትም፤ ነገር ግን እሱንም እኔንም አዘናጋን። ከአገጭ ሥር የሚዛመት ኢንፌክሽን የመተንፈሻ መንገድን ሊዘጋና ሊገድል ይችላል።

ዋናው እንክብካቤ

በጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው፤ እንዳይነሳ ጠብቁት።

• የተሰጣችሁን ጎዝ ለ30 ደቂቃ ያህል ነክሳችሁ ያዙ።
• በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አትጉመጥመጡ፣ በኃይል አትትፉ፣ ትኩስ ቡናና ሻይ አትጠጡ። ሲጋራና ጫት ቁስሉ እስኪድን ይቅሩ።
• በመጀመሪያው ቀን በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጉንጭ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል እያደረጋችሁ አሳርፉ። በረዶ ባይኖር የእንስራ ውኃ ይበቃል።
• ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ በቀስታ ተጉመጥመጡ።
• ለብ ያለ አጥሚት፣ በርበሬ የሌለው ለስላሳ ምግብ ብሉ። ቆሎ ይቆይ።
• የታዘዘላችሁን ማስታገሻ ብቻ ውሰዱ። ክኒን በድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል። ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አትውሰዱ።

ሳትዘገዩ የምትመጡበት ምልክት

• እብጠቱ ከ3ኛው ቀን በኋላ ከጨመረ፣ ወይም ትኩሳት ካለ፤
• ነክሶ በመያዝ የማይቆም ደም ካለ፤
• ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ ተመልሶ ከበረታ፣ ወደ ጆሮ ከተሰማ፣ አፍም ከሸተተ፤
• አፍ መክፈት እየባሰ ከሄደ።

መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወይም ከምላስና ከአገጭ ሥር ካበጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ለነገ አይባልም።

ለበጎ ፈቃደኞች

ቤት ለቤት ስትሄዱ «ደህና ነኝ» በሚል መልስ አትለፉ። ቀኑን ቁጠሩ፤ አፍ አስከፍቱ፤ ትኩሳት ለኩ፤ ፕላስተር ካለም ከሥሩ ያለውን ቆዳ ተመልከቱ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. እብጠት መጉደል የሚጀምረው ከስንተኛው ቀን በኋላ ነው?
2. ፕላስተሩ ኢንፌክሽን ያድናል? ለምን?
3. በሠፈራችሁ በሌሊት ታማሚ ቢያጋጥም ማን ይጠራል? በምንስ ይወሰዳል?